ገጹ የሚለውና ሰርቨሩ የሚያውቀው

በቦሌ መድኃኔዓለም ዙሪያ ካሉት ሱቆች በአንዱ ጥቂት የቆመ ሰው ይህን ሳያይ አይሄድም። ገዢው በስልኩ ብር ይልካል፤ ገጹ አረንጓዴ ምልክት ያወጣል፤ ስልኩን አዙሮ ለሻጯ ያሳያል። ሻጯ ግን የምታየው የራሷን ስልክ ነው። «ገባ?» ይላታል። «ኧረ አልገባም፣ ቆይ እስቲ» ትለዋለች። ዕቃው በፌስታል ተቋጥሮ ባንኮኒው ላይ ይቀመጣል፣ ከኋላ ያለው ሰልፍ ይረዝማል፣ ሁለቱም ስልካቸው ላይ እንዳፈጠጡ ይቆያሉ። የተጭበረበረ ስክሪንሾት ስለተለመደ «መልእክቱ ይምጣልኝ» ማለት የባለሱቁ ደንብ ሆኗል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ገጹ እየዞረ ሲቀር ነው። ተልኳል ወይስ አልተላከም? ድጋሚ ይላክ ወይስ ይጠበቅ?

ባንኮኒው ላይ የሚታየው ይህ ችግር የድረ ገጽ ሥራ ዋና ጥያቄ ነው። መረጃው በሰርቨር ላይ ባለ ዳታቤዝ ይቀመጣል፤ ቅጂው ወደ ስልኩ ወይም ወደ ብሮውዘሩ ሜሞሪ ይመጣል፤ የቅጂው መልክ ገጹ ላይ ይታያል። ሦስቱ እንዲስማሙ ማድረግ ነው ሥራው። ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ለዚህ ብዙ መልስ ተሰጥቷል፤ እያንዳንዱም በጊዜው የመጨረሻው መስሎ ነበር። ከወሎ ሰፈር እስከ አያት ባሉ ቢሮዎች የሚሠሩ ወጣት ገንቢዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚከራከሩት የትኛው ፍሬምወርክ ይሻላል በሚል ነው። እኔ ግን ሁሉንም የምመዝነው በአንድ ነገር ነው፤ የሰርቨሩ መልስ ሳይመጣ ሲቀር ገጹ ለተጠቃሚው ምን ይለዋል? ኔትወርክ በሚቆራረጥበትና ዳታ በሜጋባይት በሚገዛበት ከተማ ይህ ጥያቄ መጨረሻ ላይ የሚታሰብ ዝርዝር መሆን የለበትም።

መረጃን ከመልኩ ለይቶ መያዝ ከድረ ገጽ በፊት የነበረ ሐሳብ ነው። ኖርዌጂያዊው ትሪግቬ ሬንስካውግ እ.ኤ.አ. በ1979 በዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማዕከል ሳለ ፕሮግራምን ሞዴል፣ ቪው እና ኮንትሮለር ብሎ የከፈለበት አሠራር እስካሁን የሁሉም መነሻ ነው። በእሱ ጊዜ ግን ሞዴሉም ስክሪኑም አንድ ማሽን ላይ ነበሩ። ድረ ገጽ ሁለቱን አራራቃቸው፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ጣጣ ሁሉ የዚህ ርቀት ጣጣ ነው።

የመጀመሪያው መልስ ቀላል ነበር። ሰርቨሩ ገጹን አሟልቶ ሠርቶ ይልካል፤ አንድ ነገር ሲነካ ደግሞ ገጹን እንደ አዲስ ይልካል። ፒኤችፒ፣ በኋላም ጃንጎና ላራቬል በዚህ መንገድ አደጉ፤ በከተማችን ብዙ የቢሮ ሲስተሞች ዛሬም በዚሁ ይሠራሉ። የዚህ አሠራር ትልቁ ጸጋ እውነቱ አንድ ቦታ ብቻ መሆኑ ነው። ሰርቨሩ ከሌለ ገጹም የለም። በባንክ መስኮት «ሲስተም የለም» ሲባል ያናድደናል፤ ነገር ግን የተነገረን እውነት ነው፣ ያልሆነውን ሆኗል ያለን የለም። ድክመቱ የሚወጣው ፎርም ሲላክ ነው። ሰውየው «መዝግብ» የሚለውን ይጫናል፣ ሰርቨሩ ይመዘግባል፣ መልሱ መንገድ ላይ ይጠፋል። ተጠቃሚው ገጹን ሲያድሰው ምዝገባው ሁለት ይሆናል።

ሁለተኛው ምዕራፍ የተከፈተው ገጹ ሳይታደስ ከሰርቨሩ ጋር መነጋገር ሲችል ነው። ማይክሮሶፍት ለኢሜይል ገጹ ብሎ እ.ኤ.አ. በ1999 በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 5 ውስጥ ያስገባው መሣሪያ ለዓመታት ብዙ ሰው ሳያስተውለው ቆየ። በ2004 ጂሜይል፣ በ2005 የጉግል ካርታ ምን እንደሚቻል አሳዩ፤ በዚያው ዓመት የካቲት ጄሲ ጄምስ ጋሬት አሠራሩን «ኤጃክስ» ብሎ ሰየመው። በ2006 ጄኳይሪ መጣና ሥራውን ለሁሉም ቀለል አደረገው። ግን መረጃውን ከገጹ ጋር የማገናኘቱ ሸክም አሁንም በገንቢው ትከሻ ላይ ነበር። የአንድ የቦሌ ምግብ አድራሽ ገጽን እናስብ። ከላይ የዕቃ ብዛት፣ ከታች ድምር፣ ከጎን የማድረሻ ዋጋ አለ። ደንበኛው አንድ ሽሮ ሲቀንስ ሦስቱም መለወጥ አለባቸው፤ ገንቢው እያንዳንዱን በእጁ ይለውጣል። አንዱን ከረሳ ገጹ ራሱን በራሱ ይቃረናል፣ ደንበኛውም የትኛውን ቁጥር እንደሚያምን ይቸግረዋል።

እ.ኤ.አ. በ2010 የወጡት ኖክአውትና አንጉላርጄኤስ ለዚህ የሰጡት መልስ ብዙዎቻችንን አስደስቷል። ሞዴሉ ላይ ያለው ቁጥር ሲለወጥ ገጹ በራሱ ይለወጣል፤ ገጹ ላይ ሲጻፍ ሞዴሉ ይለወጣል። መንገዱ በሁለት አቅጣጫ ነው። ለፎርም ሥራ ከዚህ የተሻለ ምቾት እስከዚያ አልነበረም፤ የእኛ ቢሮዎች ሥራ ደግሞ አብዛኛው ፎርም ነው። ችግሩ ገጹ ሲሰፋ መጣ። አንድ ቁጥር ሲለወጥ ማን እንደለወጠው ማወቅ ያስቸግራል፤ አንዱ ሌላውን ይቀሰቅሳል፣ ያም ሦስተኛውን። አንጉላርጄኤስ ለውጥ መኖሩን የሚያውቀው የተሳሰረውን ሁሉ ደጋግሞ በመፈተሽ ስለነበር ደካማ ስልክ ላይ ገጹ ይጎተታል። ጉግል በ2021 መጨረሻ ድጋፉን አቆመ። በዚያ የተጻፉ ሲስተሞች ግን ዛሬም በየመሥሪያ ቤቱ እየሠሩ ነው፣ የሚነካቸውም ሰው እየጠፋ ነው።

ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2013 ለሕዝብ የለቀቀው ሪአክት የተቃራኒውን መንገድ ያዘ። መረጃ ከላይ ወደ ታች ብቻ ይፈስሳል፤ ገጹ የሞዴሉ ውጤት ነው፤ ለውጥ ሲያስፈልግ ሞዴሉ ይለወጥና ገጹ እንደ አዲስ ይሰላል። ኩባንያው በ2014 ይህን አካሄድ ሲያብራራ ያቀረበው ምሳሌ ለእኛም የሚገባ ነው። በፌስቡክ ገጽ አናት ላይ «አንድ ያልተነበበ መልእክት» የሚል ቁጥር ይወጣል፤ ሲከፈት አዲስ መልእክት የለም። ይጠገናል፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይመለሳል። ምክንያቱ ያው የሽሮው ሂሳብ ነበር፤ አንዱ መረጃ በብዙ ቦታ ይቀመጣል፣ ቅጂዎቹም ይለያያሉ። በ2014 ኢቫን ዩ ያወጣው ቪዩ የአንጉላርጄኤስንና የሪአክትን ጥሩ ጎን ለማዋሐድ የሞከረ ሲሆን፣ ከጄኳይሪ ለሚመጣ ሰው ለመማር የሚቀለው እሱ ይመስለኛል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት አለበት። ሪአክትም ሆነ ቪዩ ገጹን የሚያስማሙት ብሮውዘሩ ውስጥ ካለው ቅጂ ጋር ነው። ቅጂው ከሰርቨሩ ጋር መስማማቱን አያውቁም፤ ሥራቸውም አይደለም። ገጹ ውስጥ ያሉት ቁጥሮች ሁሉ ፍጹም ተስማምተው፣ ሁሉም አንድ ላይ ስህተት ሊሆኑ ይችላሉ። በብዙ የሥራ ቃለ መጠይቆች ገንቢው ስለ ሪአክት በደንብ ይጠየቃል፤ ጥያቄው ተልኮ መልሱ ቢጠፋ ምን ታደርጋለህ ተብሎ ሲጠየቅ ግን ብዙም አልሰማሁም።

የኛን ችግር ለመረዳት ቁልፉ ይኸው ነው። አብዛኛው ኮድ ሁለት ሁኔታ ብቻ ያውቃል፤ ተሳካ ወይም አልተሳካም። ሦስተኛው ሁኔታ «አይታወቅም» የሚለው ነው። ጥያቄው ሰርቨሩ ጋ ሳይደርስ ጠፍቶ ይሆናል፤ ደርሶ ሥራው ተሠርቶ መልሱ ጠፍቶም ይሆናል። ከገጹ በኩል ሁለቱ አይለያዩም። ያም ሆኖ በርካታ ገጾች የጊዜ ገደቡ ሲያልፍ «አልተሳካም፣ እንደገና ይሞክሩ» ይላሉ። ይህ ያልታወቀን ነገር እንደታወቀ አድርጎ መናገር ነው። እኔም አንድ ጊዜ ይህን መልእክት አምኜ ድጋሚ ከፍዬ ሁለቱም ተቆርጠውብኝ ያውቃሉ፤ ለማስመለስ የፈጀው ጊዜ ከገንዘቡ በላይ ነበር።

መፍትሔው አዲስ አይደለም፣ ውድም አይደለም። ገጹ ጥያቄውን ከመላኩ በፊት ለዚያ ሥራ ብቻ የሚሆን መለያ ቁጥር ይሰጠዋል። መልስ ካልመጣ በዚያው ቁጥር ደግሞ ይልካል። ሰርቨሩ ቁጥሩን ዳታቤዝ ውስጥ ካገኘው ሥራውን አይደግምም፤ የመጀመሪያውን ውጤት ይመልሳል። ዋናው ነገር ዳታቤዙ ራሱ አንድን መለያ ሁለት ጊዜ እንዳይቀበል ተደርጎ መሠራቱ ነው፤ ገጹ ላይ ያለውን ቁልፍ ማደብዘዝ ብቻውን አይበቃም።

በአገራችን የክፍያ ሥርዓቶች ይህ እንዴት እንደሚሠራ ቀረብ ብሎ ማየት ይቻላል። ቻፓን እንውሰድ። የነጋዴው ሰርቨር ክፍያ ሲያስጀምር ለግብይቱ የማይደገም የማጣቀሻ ቁጥር ይሰጣል። ደንበኛው ወደ መክፈያው ገጽ ይሄዳል፣ በቴሌብር ወይም በባንክ ይከፍላል፣ ከዚያ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ የደንበኛው ብሮውዘር ወደ ነጋዴው ገጽ ይመለሳል። ሁለተኛ፣ የቻፓ ሰርቨር ለነጋዴው ሰርቨር በቀጥታ ያሳውቃል። የነጋዴው ሰርቨር ደግሞ በማጣቀሻ ቁጥሩ «ይህ ግብይት በእርግጥ ተከፍሏል?» ብሎ መልሶ ማረጋገጥ ይችላል። ጀማሪ ገንቢ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ደንበኛው «እናመሰግናለን» ወደሚለው ገጽ ሲመለስ ትእዛዙን «ተከፍሏል» ብሎ ይመዘግባል። የዚያን ገጽ አድራሻ ማንም በእጁ ጽፎ ሊከፍተው ይችላል፤ የከፈለው ሰው ደግሞ ባትሪው አልቆ ላይመለስ ይችላል። እውነተኛው መልስ በሰርቨርና በሰርቨር መካከል ያለው ነው። የቦሌዋ ሻጭ «መልእክቱ ይምጣልኝ» ስትል ያለማንም አስተማሪ የደረሰችበት ይኸው ሕግ ነው።

ሰርቨሩ ራሱ ቢሳሳትስ? መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የተፈጠረውን ሁሉም ያስታውሰዋል። ከሲስተም ማሻሻያ ጋር በተያያዘ ችግር ደንበኞች ከሂሳባቸው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ፤ ዜናው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች በሌሊት ተዳረሰ። በወቅቱ የባንኩ ፕሬዚዳንት የነበሩት አቤ ሳኖ በኋላ በሰጡት መግለጫ ያላግባብ የተወሰደው 801 ሚሊዮን ብር ገደማ እንደሆነና በዚያ ሰዓት ከ490 ሺህ በላይ ግብይት መካሄዱን ተናገሩ፤ አብዛኛው ገንዘብም ተመልሷል። ለኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ነጥብ ወሰን የሚጠበቀው የት ነው የሚለው ነው። ኤቲኤሙም፣ የሞባይል መተግበሪያውም፣ ድረ ገጹም የአንድ ሂሳብ መስኮቶች ናቸው። «ከዚህ በላይ አይወጣም» የሚለው ደንብ በየመስኮቱ ቢጻፍም ጥሩ ነው፤ መጽናት ያለበት ግን ሂሳቡ ራሱ ጋ ነው።

ገጹ ከሰርቨሩ አዲስ ነገር መኖሩን እንዴት ያውቃል ለሚለው ሁለት ዋና መንገድ አለ። አንዱ በየጥቂት ሰከንዱ መጠየቅ ነው፤ ቀላል ቢሆንም ዳታ ይበላል። ሌላው መስመሩን ክፍት አድርጎ ሰርቨሩ ራሱ እንዲናገር መተው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ደረጃው የወጣለት ዌብሶኬት ለዚህ የተሠራ ነው። ኔትወርክ ከሌለ ግን ሁለቱም አይሠሩም። ሳምራዊት ፍቅሩ የመሠረተችው የታክሲ መጥሪያ ራይድ ለዚህ ሁለት በር ያለው አገልግሎት ነው፤ አንዱ መተግበሪያው፣ ሌላው 8294 ላይ መደወል። ደዋዩም መተግበሪያ ተጠቃሚውም የሚደርሱት ለአንድ ሾፌር ነው፤ ስለዚህ ጉዞው አንድ ሞዴል ሆኖ መልኩ ሁለት መሆን አለበት። የስልኩ በር ለኋላቀር ተብሎ የተተወ ተጨማሪ አይመስለኝም። ኢንተርኔት ሲጠፋ ሥራውን የሚያስቀጥለው እሱ ነው።

ገጽ ያላረጋገጠውን ነገር እንዴት ይናገር ለሚለው ጥሩ ምሳሌ ሁላችንም እጅ ላይ አለ። ቴሌግራም መልእክት ስንጽፍ ወዲያው መስመሩ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ጎኑ ላይ ግን ትንሽ ሰዓት ያደርግበታል። ሰርቨሩ ሲቀበለው ሰዓቱ ወደ አንድ ምልክት ይለወጣል፣ ሲነበብ ወደ ሁለት። ተጠቃሚው አይጠብቅም፣ አይታለልምም። አንድ የክፍያ ገጽ ከአረንጓዴና ከቀይ ሌላ ይህች ሰዓት ብትኖረው፣ ከሥሯም «እያረጋገጥን ነው፣ ድጋሚ አይክፈሉ» ቢል፣ ባንኮኒው ላይ ያለው ጭቅጭቅ ግማሹ ይቀር ነበር።

በገጹና በሰርቨሩ መካከል ያለውን ርቀት በቁጥር እንየው፤ ሰርቨሩ ፍራንክፈርት ነው እንበል። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በቀጥታ ከ5 ሺህ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ኬብሉ ደግሞ ቀጥታ አይሄድም፣ አገራችን ወደብ ስለሌላት በጎረቤት አገር በኩል ይዞራል። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ ምልልሱ በምንም ዘዴ ከ50 ሚሊሰከንድ አያንስም፤ በተግባር ብዙ እጥፍ ይሆናል። አንድ ምልልስ 200 ሚሊሰከንድ ቢፈጅ፣ አድራሻ ለመፈለግ፣ መስመር ለመክፈት፣ ምስጢራዊነቱን ለመስማማትና ጥያቄውን ለመላክ ብቻ አንድ ሰከንድ ሊሞላ ምንም አይቀረውም፤ ገጹ ግን ገና ነው። ገጹ ከዚያ በኋላ አምስት ጥያቄ በተራ ከላከ ሌላ ሰከንድ ይሄዳል። አምስቱን በአንድ ጥያቄ መሰብሰብ ፍሬምወርክ ከመቀየር የበለጠ ለውጥ ያመጣል። በምሥራቅ አዲስ አበባ ጎሮ አካባቢ ባለው የአይሲቲ ፓርክ ውስጥ እንደ ዊንጉና ራክሲዮ ያሉ የዳታ ማዕከላት መከፈታቸው ይህን ርቀት ከሺህ ኪሎ ሜትሮች ወደ ጥቂት ያወርደዋል። ተጠቃሚው ሁሉ እዚህ ለሆነ አገልግሎት ሰርቨሩን አውሮፓ ማስቀመጥ ምክንያቱ ሊጠየቅ ይገባል።

ስለ ማስተሳሰር ስናወራ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ሞዴሉ ራሱ ነው። የተዋስነው ፎርም «ስም» እና «የቤተሰብ ስም» ይላል፤ እኛ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው ያለን። በሁለት ሳጥን ውስጥ ሦስት ስም ሲገባ አንዱ መዝገብ ከሌላው አይገናኝም። ስልክ ቁጥር በ09 መጀመር አለበት ብሎ የተጻፈ ማረጋገጫ፣ ሳፋሪኮም መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ ሲጀምር፣ በ07 የሚጀምረውን ደንበኛ «ቁጥርዎ ስህተት ነው» ብሎ ይመልሳል። ገጹ እየሠራ ነው፣ ሰርቨሩም ደህና ነው፤ የተሳሳተው ዓለምን የሚገልጸው ደንብ ነው። ቀንም እንዲሁ። ወር መምረጫው 12 ብቻ ከሆነ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ የልደት ቀን የላትም። ለዚህ የሚበጀው ዳታቤዙ ውስጥ አንድ ዓይነት ቀን ብቻ አስቀምጦ፣ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር መለወጡን ለገጹ መተው ነው፤ ዘመናዊ ብሮውዘሮችም የኢትዮጵያን ካላንደር ያውቃሉ። ሰዓትም በዚሁ መንገድ ይሂድ፤ «3 ሰዓት» ተብሎ የተያዘ የክሊኒክ ቀጠሮ ጠዋት ይሁን ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ወገን በተለያየ መንገድ ከተረዱት አንዱ ባዶ ወንበር ያገኛል።

በቅርብ ዓመታት ሁለት ጅረት ይታያል፣ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚፈስሱ። አንደኛው ወደ ሰርቨሩ መመለስ ነው። ኤችቲኤምኤክስ፣ የላራቬሉ ላይቭዋየርና የመሳሰሉት ሞዴሉን ሰርቨሩ ላይ ትተው የተለወጠውን የገጽ ቁራጭ ብቻ ይልካሉ። ኤችቲኤምኤክስ ተጨምቆ 16 ኪሎባይት ገደማ ነው፤ ዋጋው ዝቅ ባለ ስልክ ላይ ልዩነቱ ይታወቃል። ለሆቴል ማስያዣ፣ ለትምህርት ቤት መዝገብ፣ ለክፍለ ከተማ አገልግሎት፣ ባጠቃላይ ፎርምና ዝርዝር ለሆነ ሥራ ሁሉ የማስቀድመው ይህን ነው። የምሥራቅ አዲስ አበባ ትንንሽ ቡድኖች ሁለት ሦስት ሰው ሆነው ፍሮንት ኢንድና ባክ ኢንድ ለይተው ሁለት ሞዴል ለመጠበቅ የሚደክሙት ድካም ብዙ ጊዜ አያስፈልግም።

ሁለተኛው ጅረት ሞዴሉን ስልኩ ላይ አድርጎ ያለ ኔትወርክ መሥራት፣ መስመር ሲገኝ ማዛመድ ነው። በሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. የተቋረጠው ኢንተርኔት ወደ ሦስት ሳምንት መዝለቁን ላስታወሰ ሰው ይህ ቅንጦት አይደለም። ጤና ሚኒስቴር የሚገለገልበት፣ መሠረቱ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ዲኤችአይኤስ2 በስልክ መተግበሪያው ያለ መስመር መዝግቦ በኋላ መላክ ይፈቅዳል። ብሮውዘሮችም ለዚህ የሚሆን የራሳቸው ማከማቻ አላቸው። ከባዱ ነገር መመዝገቡ አይደለም፤ መገናኘቱ ነው። አንድ ነርስ የልጁን ክብደት ጠዋት ስልኳ ላይ አስተካከለች፣ ሌላዋ ከሰዓት በኋላ በኮምፒውተር ያንኑ አስተካከለች፤ ሁለቱ ሲዛመዱ የማን ይጽና? ብዙው ሶፍትዌር የሚመልሰው «በመጨረሻ የደረሰው» ብሎ ነው። በመጨረሻ የደረሰው ግን ኔትወርክ ዘግይቶ ያገኘው ነው፤ ትክክለኛው ላይሆን ይችላል። ሁለቱንም አስቀምጦ ለሰው ማሳየት ይቻላል፤ የተመዘገበበትን ሰዓት መከተልም ይቻላል፤ ለአንዳንድ ዓይነት መረጃ ደግሞ ሁለቱን ሳያጣሉ የሚያዋሕዱ ስልቶች እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ተጠንተዋል። ከእነዚህ የትኛው ይሁን የሚለውን የሚያውቀው ክብደቱን የሚመዝነው መሥሪያ ቤት ነው፤ ስለዚህ ጥያቄው ኮዱ ሳይጻፍ፣ ገና ውሉ ሲፈረም በአንድ አንቀጽ ሊሰፍር ይገባዋል።